ሕሙማን በተኙበት ግቢ መገንባት

የማይዘጋ ቤት

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች ከተከፈቱባት ወዲህ ነዋሪዋም ሠራተኛዋም ጨምሯል። እዚህ ሰው ታሞ ጉዳዩ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ሲሆን ወይ ወደ ቢሾፍቱ ይሄዳል፣ ወይ በአቃቂ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገባል። የባሰበት ደግሞ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሪፈር ይጻፍለታል። ከእነዚህ አንዱ «ለግንባታ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ቢለጥፍ በሽተኛው አይቀርም፤ ቀድሞም ወረፋ የበዛበት የሌላው ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ምጥ ቀጠሮ አይቀበልም። እጁን ማሽን የቆረጠው ሠራተኛም ሕንፃው እስኪያልቅ መጠበቅ አይችልም።

ስለዚህ ሆስፒታል የሚሰፋው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከ1902 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሽተኛ ሲቀበል ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ በግቢው የተነሳው ሕንፃ የተሠራው አጠገቡ ሰው እየታከመ ነው። ሰፊ መሬት ሲገኝ ለብቻ ገንብቶ መዛወር ይቀላል። በጣሊያን ዘመን በ1930 ዓ.ም. የተጀመረው የጅማ ሆስፒታል እንዲህ ባለ 800 አልጋ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለታል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ግን አብዛኛው የሆስፒታል ግቢ ሞልቷል፤ አዲሱ ክንፍ የሚሠራው አሮጌውን ተጠግቶ ነው።

በዚህ ማብራሪያ ደጋግሜ የምመለስበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው፣ ተቋራጩ ሥራውን ከሕክምናው ጋር ያስማማል። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። በአፈሩ፣ በአቧራው፣ በኦክስጅን መስመሩ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ከቁፋሮ በፊት የሚጠየቁ ሰዎች

ባዶ መሬት ላይ የሚጀመር ግንባታ በቅየሳና በአፈር ምርመራ ይነሳል። ክፍት ሆስፒታል ውስጥ ከሁለቱም የሚቀድም ሥራ አለ፤ ግቢውን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር መዞር። ብዙዎቹ ሆስፒታሎቻችን በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ገንዘብ፣ ጥቂት በጥቂት የተሠሩ ናቸው። የተሠራውን የሚያሳይ ፕላን አንዳንዴ አይገኝም፤ ሲገኝም መሬት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ቧንቧው የት እንደተቀበረ፣ የትኛው ገመድ ከየትኛው ጄኔሬተር እንደሚመጣ፣ የትኛው የፍሳሽ ጉድጓድ በሐምሌ እንደሚሞላ የሚያውቀው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራው የጥገና ሠራተኛ ነው። ጡረታ ወጥቶ ከሆነ መሐንዲሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይለምነው፤ አበልም ይቆረጥለት። እሱ ባመለከተበት ቦታ ላይ በእጅ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል። እያንዳንዱ ቧንቧና ገመድ በዓይን ሳይታይ ኤክስካቫተር ወደ ግቢው መግባት የለበትም።

ቀጥሎ የሚጠየቁት ነርሶቹ ናቸው። የማዋለጃ ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር ደም የሚፈስሳት እናት በየትኛው ኮሪደር ተገፍታ በስንት ደቂቃ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደምትደርስ ታውቃለች። ያ ኮሪደር በአጥር ከተዘጋ የሚጨምረው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሜትር ሆኖ ፕላኑ ላይ ይታያል፤ እሷ ግን በሕይወት ትለካዋለች። የጥበቃ ሠራተኛው አምቡላንስና ባጃጅ በር ላይ የሚጣበቁበትን ሰዓት ይናገራል። የላቦራቶሪው ባለሙያ ናሙና በየት በኩል እንደሚመጣለት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻው በየት እንደሚወጣ፣ የአስከሬን ክፍሉ ሠራተኛም ቤተሰብ አስከሬን የሚረከብበትን በር ያሳያሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በምዕራፍ የተከፋፈለው ፕላን የሚሳለው፦ በየትኛው ወር የትኛው በር ይዘጋል፣ ምትኩስ የት ነው? እኔ ለተማሪዎቼ አጥብቄ የምነግራቸው፣ ምትኩ ተከፍቶ በቃሬዛ ሳይሞከር አሮጌው በር እንዳይዘጋ ነው።

ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር

ከአቃቂ ጀምሮ በዱከም አልፎ እስከ ቢሾፍቱ የተዘረጋው ሜዳ የአድአ ጤፍ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር በብዛት አለው። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ አፈር ለግንባታ አስቸጋሪ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያ ስንጥቅ ተዘግቶ ከላዩ ያለውን ወለል ወደ ላይ ይገፋል።

አሮጌ ሆስፒታል ሥር ያለው አፈር ለብዙ ዓመታት ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ ስለኖረ እርጥበቱ ረግቷል። አጠገቡ አዲስ መሠረት ሲቆፈር ይህ እርጋታ ይናጋል። ጉድጓዱ በፀሐይ ክፍት ሆኖ ከከረመ ከአሮጌው መሠረት ሥር ያለው አፈር ይደርቅና ይኮማተራል፤ በዝናብ ክፍት ከቆየ ደግሞ ይርሳል፣ ያብጣል። በሁለቱም መንገድ ግድግዳ ይሰነጠቃል። በመኖሪያ ቤት ስንጥቅ ተለስኖ ይታለፋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ ግን በፀረ ተዋስያን ታጥቦ የማይጠራ ቀዳዳ ይሆናል፤ የተጣመመ የበር መቃንም ተሽከርካሪ አልጋን መንገድ ላይ ያስቆማል።

ለዚህ ነው የመሠረት ቁፋሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተጀምሮ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ተሞልቶ እንዲያልቅ የሚታቀደው። ጉድጓዱ በአንድ ጊዜ በሙሉ አይከፈትም፤ የተከፈተውም ማታ ማታ በላስቲክ ይሸፈናል። ጥልቀቱን በተመለከተ ተማሪ ሁሉ ሊይዘው የሚገባ ቀላል መመሪያ አለ። ከአሮጌው መሠረት የታችኛው ጠርዝ ተነስቶ በ45 ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ውጭ የሚወርድ መስመር አስቡ። አዲሱ ቁፋሮ ከአሮጌው መሠረት 2 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት ማለት ነው። መስመሩን አልፎ ከገባ አሮጌው ሕንፃ የተደገፈበት አፈር እየተነጠቀ ነው። መራቅ ካልተቻለ አሮጌው መሠረት አስቀድሞ ከሥሩ ይጠናከራል፤ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስፋት ያላቸው ክፍሎች አንዱን እየዘለሉ ይቆፈራሉ፣ በአርማታ ይሞላሉ፣ አርማታው ከጠነከረ በኋላ የተዘለሉት ይከተላሉ። አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ለማፋጠን ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ክፍሎችን በአንድ ቀን መክፈት የሚያስከትለውን አደጋ ፎርማኑም የቀን ሠራተኛውም ሊያውቁት ይገባል።

ሸክሙ ከበዛ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ወደ ጠንካራው መሬት መውረድ አለበት። እዚህ ላይ የዘዴው ምርጫ የሕክምናም ጉዳይ ነው። በመዶሻ የሚመታ ምሰሶ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ ጩኸቱም ዎርዱ ውስጥ ይገባል፤ ተቦርቡሮ አርማታ የሚሞላበት ቦርድ ፓይል ግን በጸጥታ ይወርዳል። ወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ተጠርጎ ይወጣና እንደ ቀይ አሽ ባለ በማያብጥ ሙሊት (ሰለክት ማቴሪያል) ይተካል፤ በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ስላሉ ቀይ አሽ ከሩቅ አይመጣም። ከዚህ ሁሉ ጋር የአሮጌው ሕንፃ ግድግዳዎች ላይ ምልክት ተደርጎ በየሳምንቱ ከፍታቸው ይለካል። ስንት ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ሥራው እንደሚቆም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይፈረማል። ስንጥቁ ከታየ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ ተቋራጩ በያዘው የጊዜ ሰሌዳ በኩል ያደላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር አፈርን የሚያሳብጠው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ የሚያፈስ አሮጌ የፍሳሽ ቧንቧና ከአዲሱ ጣሪያ ወርዶ ግድግዳ ሥር የሚጠራቀም ውኃም ያሳብጠዋል። ጊዜያዊ የውኃ መውረጃ ቦይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑር።

አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት መስመር

ዱከም የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው አስደንግጦ አስወጥቷል። መሬት ሲናወጥ ሁለት ሕንፃዎች አንድ ዓይነት አይወዛወዙም፤ ዝቅተኛውና ወፍራሙ ቶሎ ቶሎ፣ ረጅሙና ቀጭኑ በዝግታ ግን ርቆ ይሄዳል። ተጣብቀው ከተሠሩ ይጋጫሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። አሮጌው እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ አዲሱ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሊያዘነብል እንደሚችል በስሌት ከተገኘ 10 ሴንቲ ሜትር መተው አስተማማኝ ነው። ክፍተቱ ውስጥ የወደቀ ብሎኬትና የፈሰሰ አርማታ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ክፍተቱ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው።

ክፍተቱን የሚሻገር ቧንቧና ገመድ ሁሉ የሚተጣጠፍ ክፍል ያስፈልገዋል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል በ1971 እ.ኤ.አ. በርዕደ መሬት ክፉኛ ፈርሶ እጅግ ጠንካራ ሆኖ ተገነባ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሌላ ርዕደ መሬት ሲመጣ ሕንፃው ቆመ፤ ውስጡ ያሉ የውኃ መስመሮች ግን ተሰብረው ውኃ ስለሞላው በሽተኞቹ ወጥተው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ።

ወለሉም ያስቸግራል። የአሮጌ ሆስፒታሎች የፎቅ ከፍታ ዝቅተኛ ነው፤ አዲሱ ግን ለአየርና ለጋዝ መስመሮች ከኮርኒሱ በላይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሁለቱ ወለሎች አይገናኙም። የ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ተዳፋት ሲሠራ 3.6 ሜትር ርዝመት ይወስዳል፤ በሽተኛ የተኛበትን አልጋ የምትገፋ ነርስ ከዚህ ይበልጥ ቀጥ ያለ ተዳፋት መውጣት የለባትም።

በጣሪያዎቻችን ላይ ለወደፊት ፎቅ ተብሎ የተተወ ፌሮ ቆሞ ይታያል። ሆስፒታል ላይ ይህን አልመክርም። ፌሮው ዝጓል፤ አሮጌው ሕንፃ ሲሠራ የነበረው የርዕደ መሬት ስሌትና የዛሬው አንድ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተኛ ሰው አናት ላይ ጣሪያ ተነስቶ አርማታ ይሞላል። ያ ዎርድ ባዶ ካልሆነ ወደ ጎን መስፋት ይሻላል።

አቧራ

በሽተኛን የሚገድለው የግንባታ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቅ ድንጋይ አይደለም። በአፈር፣ በአሮጌ ልስን፣ በኮርኒስ ላይ በተጠራቀመ አቧራ ውስጥ አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ይኖራል። ዘሩ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሚሆን ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፎ ሳንባ ድረስ ይገባል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ሲተነፍሰው አይጎዳውም። የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው ግን የሳንባ ምች ሆኖ የሚገድል ነው።

በአገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊት ይተክላል፤ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜውን ሁሉ ይወስዳል። ጥቁር አንበሳ ውስጥ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ኬሞቴራፒ ይወስዳሉ። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ባሉበት ግቢ አንድ ግድግዳ ሲፈርስ የሚነሳው አቧራ እንደ ቆሻሻ ብቻ ሊታይ አይችልም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴና መሐንዲሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ሁለት ነገር ያስተያያሉ፦ ሥራው ምን ያህል አቧራ ያነሳል? አጠገቡ ያለው በሽተኛስ ምን ያህል ደካማ ነው? አምፖል መቀየርና ግድግዳ ማፍረስ፣ የካርድ ክፍልና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እኩል አይታዩም። እጅግ ደካሞቹ ሥራው ሳይጀመር ወደ ራቀ ክፍል ይዛወራሉ።

ግንባታውን ከዎርዱ የሚለየው ግድግዳ ከወለል እስከ ሶሌታው ድረስ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ቺፕውዱ ወይም ጂፕሰሙ ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከዎርድ ወደ ዎርድ ያለ መከልከያ ይሄዳል፤ አቧራውም በዚያው ይሄዳል። በሸራ መጋረድ ለአጭር ሥራ ካልሆነ አይበቃም፣ ነፋስ ይነፋዋል፣ ሠራተኛ ይቀድደዋል።

ግድግዳ ብቻውን አየር አይገታም፤ አየሩ ወደ ግንባታው እንዲሄድ መደረግ አለበት። ከግንባታው ክፍል አየር የሚስብ ማራገቢያ ይተከልና በጥሩ ማጣሪያ በኩል ከመስኮቶች ራቅ አድርጎ ያወጣዋል። ለዚህ የሚሠራው ሄፓ የተባለ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ከሚሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። በሁለቱ ወገን የሚፈለገው የግፊት ልዩነት ትንሽ ነው፣ 2.5 ፓስካል ገደማ። መለኪያ ከሌለ የዕጣን ጭስ በበሩ ስንጥቅ አጠገብ ያዙ፤ ጭሱ ወደ ግንባታው ከተሳበ ደህና ነው፣ ወደ ዎርዱ ካጋደለ ሥራው ይቁም። ይህን ሙከራ ነርስ በየጠዋቱ ልታደርገው ትችላለች፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣንም በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል።

እዚህ ላይ የእኛ ሆስፒታሎች ለየት ያለ ችግር አለባቸው። ብዙዎቹ የሚተነፍሱት በመስኮት ነው፤ መስኮቱም የሚከፈተው በምክንያት ነው። የሳንባ ነቀርሳ እንዳይተላለፍ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚተነፍስ ጠቅላላ ዎርድ ለአንድ በሽተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ክፍል ደግሞ 160 ሊትር አየር ይጠይቃል። ለአቧራው ብሎ መስኮት መዝጋት ነቀርሳን ያሰራጫል፤ ለነቀርሳው ብሎ መክፈት ሻጋታውን ያስገባል። መፍትሔው የቦታ አመራረጥ ነው። በበጋ ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ ስለሚመጣ አሸዋው የሚነፋበት፣ ብሎኬት የሚቆረጥበት፣ ሲሚንቶ የሚራገፍበት ቦታ ከዎርዶቹ በስተምዕራብ ይሁን። ወደ ግንባታው የሚያይ መስኮት ይታሸግና ዎርዱ በሌላው ወገን ባሉ መስኮቶች ይተንፍስ፤ ያ የማይበቃው ክፍል አልጋው ይቀነስ ወይም ሕሙማኑ ይዛወሩ። ብሎኬትና ሴራሚክ በውኃ እየራሰ ይቆረጥ። ፍርስራሽ በባሬላ በዎርድ ኮሪደር አይለፍ፤ በውጭ በኩል በተዘጋ መውረጃ ይውረድ፣ መኪናውም ሸራ ለብሶ ይውጣ።

ድምፅ

የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታል ዎርድ የሚመክረው የድምፅ መጠን 30 ዴሲቤል ነው፤ በሌሊትም ነጠላ ድምፅ ከ40 እንዳያልፍ ይላል። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ሥራ ላይ ያለ ዎርድ ያለ ግንባታም ይህን ማሟላት ይከብደዋል። ስለዚህ ግቡ ጸጥታ ሳይሆን የታወቀ ሰዓት ነው። ኮንክሪት የሚሰብረው ማሽን የሚሠራው፣ ለምሳሌ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት መሆኑ ለዎርዱ ሁሉ ከተነገረ ሐኪሙ ልብ የሚያዳምጠው ከዚያ በፊት ነው። ማሽኑ ከአሮጌው ሕንፃ ጋር በተያያዘ ሶሌታ ላይ ከሠራ ድምፁ በኮንክሪቱ ውስጥ ተጉዞ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል፤ መጀመሪያ በመጋዝ ቆርጦ ማለያየት፣ ከዚያ መስበር ነው። የዓይን ቀዶ ሕክምና በማይክሮስኮፕ በሚሠራበት ቀን ንዝረት የሚያመጣ ሥራ አይኖርም።

ሁለት ሜትር የሚወፍር ግድግዳ

አንዳንድ ክንፍ ከሌላው ይከብዳል። ጥቁር አንበሳ በ1964 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተ ሲሆን የኮባልት ጨረር ሕክምና የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ሆኖ ከሁሉም ክልል የመጣውን የካንሰር ሕመምተኛ ተሸክሟል። ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው ዘመናዊ የጨረር ማሽን ሲመጣ የሚያስፈልገው ክፍል ጨረሩ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ውፍረቱ 2 ሜትር አካባቢ የሆነ ኮንክሪት ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት 2.4 ቶን ያህል መሆኑን ስታስቡ መሠረቱ ለምን ለብቻው እንደሚሰላ ይገባችኋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ መሃሉ ላይ ያልተያያዘ ስፌት እንዳይኖረው ሳይቋረጥ ይሞላል፤ የኮንክሪት መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳሉ። እነዚህ መኪኖች በድንገተኛ ክፍሉ በር በኩል የሚገቡ ከሆነ ዕቅዱ ከመነሻው ተሳስቷል። ሌላም ነገር አለ፤ አዲሱ ማሽን ሕመምተኛ አክሞ እስኪታይ ድረስ አሮጌው አይነቀልም። የጨረር ሕክምና በየቀኑ በተከታታይ የሚሰጥ በመሆኑ መሃሉ ላይ ማቋረጥ ሕክምናውን ያበላሻል።

ኦክስጅን

በ2016 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሲድኒ ባንክስታውን-ሊድኮምብ ሆስፒታል አንድ አራስ ሕፃን ሞተ፣ ሌላው አንጎሉ ተጎዳ። ሁለቱም ሲወለዱ እርዳታ ያስፈለጋቸው ናቸው፤ ከግድግዳው «ኦክስጅን» ከሚለው መውጫ የተሰጣቸው ግን የማደንዘዣ ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በተደረገ ሥራ ቧንቧዎቹ ተምታተው ተገጥመዋል፤ ከተገጠሙ በኋላ መደረግ የነበረበት ምርመራም በአግባቡ አልተሠራም። ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ ደንብ ሞልቶ በተረፈበት ቦታ ነው።

ስለዚህ አዲስ ክንፍ ከአሮጌው የጋዝ መስመር ጋር ሲገናኝ የሚደረገውን በዝርዝር ልጻፍ። የኦክስጅን መስመር በ4 ባር አካባቢ ግፊት ይሠራል። ለማገናኘት ግፊቱ ከመውረዱ በፊት በዚያ መስመር ላይ ያለ እያንዳንዱ በሽተኛ በስም ተዘርዝሮ አጠገቡ የተሞላ ሲሊንደር፣ የሚገጥም ሬጉሌተርና የሚጠብቅ ሰው ይቆምለታል። ቫልቩን የሚዘጋው በሆስፒታሉ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከብየዳ በኋላ መስመሩ ይነፋል፣ ጋዝ እንዳያፈስ ይፈተናል። ከዚያ ወሳኙ ምርመራ ይመጣል፦ አንድ ጋዝ ብቻ ይለቀቅና ሌሎቹ ይዘጋሉ፤ በየመውጫው እየተዞረ ጋዙ በሚጠበቀው መውጫ ብቻ መውጣቱ ይታያል። በመጨረሻም በእያንዳንዱ መውጫ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይያዛል። መርማሪው ቧንቧውን ከገጠመው ድርጅት ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት፤ ከመውጫዎቹ አሥሩን አይቶ «የቀሩትም እንዲሁ ናቸው» ማለት አይቻልም። ማደንዘዣ ሐኪሙም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት በቦታው ቆሞ ይይ።

መብራቱ የሚቀየርበት ሌሊት

የመብራት መቋረጥን ስለለመድነው የመስመር ቅየራን አናከብደውም። ልዩነት አለው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ዋናው ሰሌዳ ሲቀየር ግን ጄኔሬተሩም የሚያልፈው በዚያው ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለፅኑ ሕሙማን፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨቅላ ሕፃናትና ለደም ባንክ ማቀዝቀዣ የተለየ ጊዜያዊ ጄኔሬተር ቀድሞ ይገናኛል፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሙሉ ሸክም ተሸክሞ ይፈተናል።

ቀኑ የሚመረጠው ከሐኪሞች ጋር ነው። የታቀደ ቀዶ ሕክምና የሌለበት የቅዳሜ ሌሊት ይመቻል። የዋዜማና የበዓል ሌሊት ግን አይሆንም፤ ሠራተኛው ይሳሳል፣ የመኪና አደጋና የጠብ ጉዳተኛ ይበዛል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባለ በእያንዳንዱ በሽተኛ ራስጌ በእጅ የሚጨመቅ አምቡ ባግ የያዘ ሰው ይቆማል። ሥራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከተጀመረ የመመለሻ ሰዓትም አብሮ ይወሰናል፦ እስከ 9 ሰዓት ካላለቀ ሁሉም ነገር ወደ አሮጌው ሰሌዳ ይመለስና ሌላ ቀን ይያዛል። «ትንሽ ነው የቀረን» የሚለው ቃል በዚያ ሌሊት ተቀባይነት የለውም።

ውኃው ጸጥ ያለ አደጋ አለው። አዲስ ቧንቧ ተሞልቶ ለወራት ሳይከፈት ሲቆይ፣ ወይም አሮጌ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ጫፉ ታሽጎ ሲቀር፣ የቆመው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሊጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፤ በሻወርና በቧንቧ ብናኝ ሳንባ ይገባል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከሥሩ ይነሳ። አዲሱ መስመርና ሮቶው በክሎሪን ይታጠቡ፣ ሕንፃው እስኪከፈት ድረስም ቧንቧው ሁሉ በየሳምንቱ ይከፈት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለዚህ የሚሆን ውኃ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

አስታማሚው የሚያልፍበት

ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ የማያውቀው ሰው በግቢያችን አለ፤ አስታማሚ። ምግብ ያመጣል፣ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፣ ደም ይሰጣል፣ በሽተኛውን ደግፎ ራጅ ክፍል ያደርሳል፣ ሌሊት ግቢው ውስጥ ጋቢውን ለብሶ ያድራል። አዲሱ ክንፍ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እሱ በሚያርፍበት ዛፍ ሥር ነው። ቦታው በቆርቆሮ ሲታጠር የሚሄድበት ካልተሰጠው ኮሪደሩ ላይ ይተኛል፤ ኮሪደሩ ደግሞ የእሳት መውጫ ነው። ጊዜያዊ መጠለያና መጸዳጃ ከአጥሩ ጋር በአንድ ቀን መሠራት አለበት። ምልክቱም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንበብ ለማይችለውም በሥዕልና ወለል ላይ በተቀባ መስመር ይደረግ። ብየዳ በሚሠራበት ቀን የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅ፤ ኦክስጅን ባለበት ቤት ፍንጣሪ ቶሎ ያድጋል።

በውሉ ላይ ያልተጻፈ ሥራ

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በመንግሥት ጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ፣ ፌሮው በኪሎ፣ ልስኑ በሜትር ካሬ አለ። የአቧራ መከልከያ ግድግዳ፣ ማራገቢያው፣ ማጣሪያው፣ ጊዜያዊ ጄኔሬተሩ፣ የሌሊት ሥራ ክፍያው፣ የአስታማሚው መጠለያ ግን ብዙ ጊዜ «ተቋራጩ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያደርጋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላሉ። ዋጋ ያልተሰጠው ሥራ አይሠራም። ጥንቃቄውን አስቦ ዋጋ የጨመረው ተቋራጭ በጨረታው ይሸነፋል፤ ያላሰበው ያሸንፋል። በዚህ ተቋራጩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ሰነዱን ያዘጋጀው አማካሪና ያጸደቀው ባለቤት ይበልጥ ይጠየቃሉ። እያንዳንዱ ጊዜያዊ ሥራ በብዛቱና በመለኪያው የራሱ መስመር ይኑረው። በሆስፒታሉ ጥያቄ ሥራ የቆመበት ሰዓት እንዴት እንደሚከፈልም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ እንዲህ ከሆነ ሲስተሯ «አቁሙ» ስትል ፎርማኑ አይከራከራትም።

የመጨረሻው ግድግዳ

አሮጌውን ከአዲሱ የሚለየው ግድግዳ የሚፈርሰው መጨረሻ ላይ ነው። አዲሱ ወገን ከኮርኒሱ በላይ ጭምር ይጸዳል፣ አየሩ፣ ጋዙ፣ ውኃው ተፈትኖ ይፈረማል፤ ማፍረሱ ራሱ አቧራ ስላለው መከልከያው በዚያ ቀን ወደ አሮጌው ወገን ተዛውሮ ይቆማል። ከዚያ ሠራተኞቹ ባዶ አልጋ እየገፉ፣ ሐሰተኛ የድንገተኛ ጥሪ እየተደረገ ይለማመዳሉ። መጀመሪያ የሚዛወረው ተመላላሽ ሕክምና ነው፤ ቀጥሎ የተኙ ሕሙማን፤ ማዋለጃና ፅኑ ሕሙማን መጨረሻ። ማዋለጃው በሚዛወርበት ቀን ሁለቱም ክፍሎች ሙሉ ሠራተኛ ይኖራቸዋል፤ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ የመጣች እናት ወደ አዲሱ ትገባለች፣ ቀድማ ምጥ የጀመራት እዚያው አሮጌው ላይ ትወልዳለች። የአሮጌው ክፍል አልጋ፣ ኦክስጅንና መብራት ወዲያው አይነቀልም፤ አዲሱ ላይ የሚበላሽ ነገር ቢኖር መመለሻ እንዲሆን ለተወሰኑ ሳምንታት እንደተዘጋጀ ይቆያል።